ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ስለ ሕይወታቸውና ስለ ቤተሰባቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ የበላይ ኃላፊ የነበሩትን የሐኪም ወርቅነህን የሕይወት ዱካ ለመከተል የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ማን ናቸው?

በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ጎንደር ተወልደው፣ በሕፃንነታቸው መቅደላ ላይ ከወላጆቻቸው ተነጥለው፣ ሕንድ አድገውና ተምረው፣ በርማ ውስጥ በእንግሊዝ መንግሥት ሐኪምነት አገልግለው፣ ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ አገራቸውን ያገኙ ሰው ናቸው። ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ ሐኪም ብቻ ሆነው አልቀሩም፤ የትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ፣ የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ የጨርጨር አገረ ገዥና በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር (ማለትም የመንግሥት ዲፕሎማት) ሆነው ሠርተዋል። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

በየትኛው ትምህርት ቤት ነበር ያገለገሉት?

በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱን ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. መርቀው ከፈቱት። ከእርሱ በፊት በከተማው የነበረው ዋናው የመንግሥት ትምህርት ቤት በምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1908 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ ሲነሣ፣ አውሮፓዊ ትምህርት ያለው፣ የመንግሥት ሥራ የሚያውቅና አልጋ ወራሹ የሚያምኑት ኢትዮጵያዊ የበላይ ኃላፊ ያስፈልገው ነበር። ሐኪም ወርቅነህ ሹመቱን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ስድሳ ደርሶ ነበር።

በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ጡረታውን ይዞ ያርፋል። እሳቸው ግን የውጭ አገር መምህራን የሚበዙበትን ትምህርት ቤት በበላይነት እየተቆጣጠሩ፣ ለኢትዮጵያውያን ልጆች በአማርኛ የጂኦግራፊ መማሪያ እስከ መጻፍ ደረሱ። ታሪካቸው ሲነገር ይህ ክፍል በሐኪምነታቸው ጥላ ሥር መዋሉ ያሳዝነኛል። ቤተሰባቸውን ለሚፈልግ ሰው ደግሞ እጅግ የሚጠቅመው ይኸው ዘመን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ረግተው የተቀመጡበት፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉበት፣ ብዙ ሰው በቅርብ ያያቸው ጊዜ ነውና።

ለምን «ዶክተር ማርቲን» ተባሉ?

መቅደላ ላይ ያገኟቸውና ያሳደጓቸው የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ያወጡላቸው ስም ስለሆነ ነው። ኮሎኔል ቻምበርሌይን የተባለ መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ኮሎኔል ማርቲን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፣ በዚሁ ስም ተማሩ፣ በዚሁ ስም ሐኪም ሆኑ።

«ወርቅነህ» የሚለውን ስም ዳግም ያገኙት አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሁለቱም ስሞች ጎን ለጎን ሄዱ። በአማርኛ ጽሑፍ ሐኪም ወርቅነህ፣ በኋላም አዛዥ ወርቅነህ ይባላሉ፤ በእንግሊዝኛ ሰነድ ግን ዶክተር ማርቲን ናቸው። ከሁለቱ ስሞች አንዱን ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው የሕይወታቸውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ከልዑል ዓለማየሁ ጋር ለምን ይምታታሉ?

ሁለቱም ከመቅደላ ውድቀት በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ከአገር የወጡ ሕፃናት ስለሆኑ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲሠዉ ልጃቸው ዓለማየሁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ወርቅነህ ደግሞ ከሦስት ዓመት ብዙም አልዘለሉም። ዓለማየሁን ካፒቴን ስፒዲ እንግሊዝ አገር ወሰደው። ስፒዲ ለሥራ ወደ ሕንድ ሲዛወር ልጁን አስከትሎ ስለ ነበር፣ «ሕንድ ያደገ ኢትዮጵያዊ ሕፃን» የሚል የጊዜው ጽሑፍ ሲገኝ የትኛውን እንደሚል መለየት ያስፈልጋል።

መለያው ቀላል ነው፤ ዓለማየሁ በ1879 እ.ኤ.አ. ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል። ከዚያ ዓመት በኋላ የተጻፈ ነገር ስለ እርሱ ሊሆን አይችልም። ከዚያ በፊት ከሆነ ደግሞ ከልጁ አጠገብ የተጠቀሰው መኮንን ማን እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ ስፒዲ ከሆነ ዓለማየሁ ነው፣ ቻምበርሌይን ወይም ማርቲን ከሆነ ወርቅነህ ናቸው።

ወላጆቻቸው እነማን ነበሩ? ዘመዶቻቸውንስ እንዴት አገኙ?

አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም፣ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ይባላሉ። ነጋድራስነት የነጋዴዎች አለቅነትና የቀረጥ ሹመት ስለሆነ፣ ቤተሰቡ በጎንደር ስመ ጥር ከሚባሉት ወገን ነበር። ሕፃኑ መቅደላ የተገኙትም ቤተሰቡ የዐፄ ቴዎድሮስን ቤተ መንግሥት ተከትሎ ወደ አምባው በመውጣቱ ነው።

ከአድዋ ድል በኋላ የአገራቸው ስም በዓለም ጋዜጦች ሲነሣ፣ በርማ የነበሩት ሐኪም ፈቃድ ጠይቀው ጉዞ ጀመሩ። በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሰው ዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረቡ። አማርኛ አያውቁም፤ የአባታቸውን ስም አያውቁም፤ ወገኔ ነው የሚሉት ሰው የለም። ወሬው ከተማውን አዳርሶ አንዲት አሮጊት መጡና «ይህ የልጅ ልጄ ነው» አሉ። ማስረጃቸውም በልጅነቱ በክንዱና በእግሩ ላይ የቀሩ ጠባሳዎች ነበሩ፤ ተፈልገው ተገኙ። ስማቸው ወርቅነህ እንደ ሆነም የዚያን ጊዜ ተነገራቸው።

ይህን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር የማስበው ስለ አያቲቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈበትን የሕፃን ገላ ከነምልክቱ በልባቸው ይዘው የኖሩ ሴት ናቸው። የሐኪም ወርቅነህ ሙሉ የትውልድ ሐረግ የተመለሰው በእሳቸው ቃል ነው፤ እሳቸው ባይመጡ ኖሮ «ማርቲን» የሚለው ስም የመጨረሻው ስማቸው ሆኖ በቀረ ነበር።

ባለቤታቸውና ልጆቻቸውስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ያገቧቸው ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉ ናቸው። ብዙ ልጆች ወልደዋል፤ ከእነርሱ መካከል በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣው ዮሴፍና ቢንያም ናቸው።

ስለ ቀሩት ልጆች፣ በተለይም ስለ ሴቶቹ፣ የታተመው ጥቂት ነው። በአገራችን ባህል ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ስለዚህ ባለቤታቸው በአማርኛ ሰነድ «ቀጸላ ቱሉ»፣ በእንግሊዝኛ ሰነድ «ሚስስ ማርቲን» ይሆናሉ። ሴት ልጆቻቸው አንድ ቦታ «ወርቅነህ»፣ ሌላ ቦታ «ማርቲን» ናቸው፤ የውጭ አገር ሰው ካገቡ ደግሞ ሦስተኛ ስም ይጨመራል። በወንዶቹ ስም ብቻ የተሠራ የቤተሰብ ሐረግ አይቶ «ተሟልቷል» ማለት አይገባም።

ዮሴፍና ቢንያም ምን ሆኑ?

ሁለቱም እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ የተማሩ ወጣቶች የሚበዙበትን የጥቁር አንበሳ የአርበኞች ማኅበር ተቀላቀሉ፤ ይህ ኃይል በምዕራብ ኢትዮጵያ ከራስ እምሩ ጋር ሆኖ ከተዋጋ በኋላ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በጠላት ተከቦ እጅ ሰጠ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተከተለው ጭፍጨፋ፣ ፋሺስቶች የተማረውን ኢትዮጵያዊ እየለቀሙ ሲገድሉ ሁለቱ ወንድማማቾችም ተገደሉ።

አባታቸው ያን ጊዜ አገር ውስጥ አልነበሩም። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው አገራቸው እንድትረዳ ሲጮኹ፣ ጠመንጃ መግዣ ገንዘብ ሲያሰባስቡ የነበሩ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ ልጆቻቸው ተምረው ባይመለሱ ኖሮ በሕይወት ይተርፉ ነበር። ስለ እነርሱ የሚጽፍ ሰው «የሐኪም ወርቅነህ ልጆች» ብሎ ባያልፋቸው ደስ ይለኛል፤ በየራሳቸው ስም ሊጻፉ የሚገባቸው አርበኞች ናቸው።

ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

ከመቅደላ አይጀምሩ። ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ታሪኩ የሚስብ ነውና። ነገር ግን ስለ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን በጦርነት ማግስት የተጻፈ ሰነድ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፤ ቢገኝም እርሱ መሆኑን ማረጋገጥ ይብሳል። ሰነድ በብዛት ካለበት ተነሥተው ወደ ኋላ ይሂዱ፦ መጀመሪያ የለንደኑ ሚኒስትርነት፣ ቀጥሎ ጨርጨር፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ በርማ፣ በመጨረሻ ሕንድና መቅደላ። የሚታወቀው ያልታወቀውን ያመላክታል።

ሌላው ነገር፣ ሐኪም ወርቅነህ ለብዙ ዓመታት የቀን ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ የሕይወት ታሪካቸውን ያጠኑ ምሁራንም በዚያ ላይ ተመሥርተዋል። ስለዚህ አንድ ወሬ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይህ ከማስታወሻቸው የተገኘ ነው ወይስ በኋላ ሰው ያወራው?» የሚል ይሁን።

ሰነዶቹ የትኞቹ ናቸው? የትስ ይገኛሉ?

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቦታዎች ይቅደሙ፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ወመዘክር። የ«ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣን ድሮ እትሞች ይጠይቁ። ጋዜጣው የተጀመረው ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት በ1917 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የምረቃ በዓል፣ የተማሪዎች ሽልማት፣ የሹመትና የሐዘን ዜና እየተባለ የትምህርት ቤቱን ሰዎች ስም በብዛት ይዟል። ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ ማገላበጥን ይጠይቃል እንጂ ሌላ አቋራጭ የለውም።

የሕንድና የበርማው ዘመን ወረቀት ያለው ለንደን ነው። በርማ እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ የብሪታኒያ ሕንድ አካል ሆና ትተዳደር ስለ ነበር፣ የሠራተኞቹ መዝገብ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሕንድ ቢሮ ክምችት ውስጥ ይፈለጋል። ልጅነታቸውን ያሳለፉት አምሪትሳር በሚገኝ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ የቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ መዛግብት ደግሞ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ አሉ። በዲፕሎማትነታቸው የተጻጻፉት ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፋይሎች ውስጥ ነው።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ግን በየዓመቱ ይታተም የነበረውን የብሪታኒያ የሐኪሞች መዝገብ ነው። ላሆር ላይ ሕክምና ከተማሩ በኋላ ስኮትላንድ ሄደው በኤዲንበርግ ፈቃድ አግኝተዋል። በዚህ መዝገብ ለአንድ ሐኪም የሚሰጠው አንድ መስመር ነው፦ ስም፣ አድራሻ፣ የተመዘገቡበት ቀን፣ የምስክር ወረቀቱ ዓይነት። የተለያዩ ዓመታትን እትሞች ጎን ለጎን ዘርግቶ አድራሻው መቼ እንደ ተለወጠ የተመለከተ ሰው፣ የሐኪሙን የዝውውር ታሪክ በዓመት በዓመት ይዞ ይነሣል።

ወደ አሜሪካ የሄዱትስ እውነት ነው?

እውነት ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ተልከው ኒው ዮርክ ሄደዋል፤ ዋናው ጉዳይ በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት ከአንድ የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር መነጋገር ነበር። በዚያው አጋጣሚ ሃርለም ተገኝተው ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘዋል። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ የቅርብ በር ነው፤ የኒው ዮርክ ወደብ የመንገደኞች መዝገብና የጊዜው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች በኮምፒውተር ሊፈለጉ ይችላሉ። «ማርቲን»፣ «ወርቅነህ»፣ «አዛዥ» የሚሉትን ሁሉ እየቀያየሩ ይሞክሩ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ወርቅነህ» ብዙ መልክ አለው፣ ማዕረጉም እንደ ስም ተቆጥሮ የተመዘገበበት ጊዜ አለ።

ሁለት ሰነዶች የተለያየ ቀን ይሰጡኛል፤ የቱን ልመን?

አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተለያየው አቆጣጠሩ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ በእኛና በአውሮፓውያን ዓመት መካከል ሰባት፣ ከጥር በኋላ ስምንት ዓመት ልዩነት አለ፤ ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው የመቶ ዓመቱን ፈረቃ ነው። የአውሮፓውያን 1900 ሠግር ዓመት ስላልነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ኤፕሪል 13 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1917 ዓ.ም. ግን ኤፕሪል 14 ቀን 1925 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በስልክ ላይ ያለ መቀየሪያ ሁሉ ይህን አይጠነቅቅም፤ ለምኒልክና ለቴዎድሮስ ዘመን ቀን በእጅ ማስላት ይሻላል።

የልደታቸው ጉዳይ ለብቻው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኦክቶበር 21 ቀን 1864 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም ጥቅምት 12 ቀን 1857 ዓ.ም. ይሆናል። ነገር ግን ወላጅ ሳይኖረው በባዕድ እጅ ያደገ ልጅ ዕድሜው በግምት መመዝገቡ የማይቀር ነው። ስለዚህ በወጣትነታቸው ዘመን በተጻፈ ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ዓመት ቢዛነፍ «ሌላ ሰው ነው» ብለው አይጣሉት፤ ስምን፣ ቦታንና ሙያን አብረው ያመሳክሩ።

ስለ ትምህርት ቤቱ ዘመን ወረቀት ለምን ይሳሳል?

ወረራው ነው ዋናው ምክንያት። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ከተማውን ለቀው ሲወጡ አዲስ አበባ ለቀናት በዘረፋና በእሳት ታመሰች፤ ከዚያም አምስት የጠላት ዓመታት መጡ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱን የካናዳ ኢየሱሳውያን (ጄስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር አባላት) ተረክበው አስተዳደሩት፤ በደርግ ዘመን ደግሞ ስሙ ተለውጦ እንጦጦ ተባለ። በሰነድ ፍለጋ ላይ «ተፈሪ መኰንን» የሚለውንም «እንጦጦ» የሚለውንም መጠየቅ ይገባል።

የጠፋውን ወረቀት በከፊል የሚተካው የተማሪዎቹ ቃል ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ በኋላ ለከፍተኛ የመንግሥት ሥራ በቅተዋል፤ ትዝታቸውን የጻፉም አሉ። በየቤቱ ደግሞ በረድፍ ተቀምጠው የተነሡት ፎቶግራፍ አለ። ከፎቶግራፉ ጀርባ የተጻፈውን ስም ሳያነቡ ወደ ፍሬሙ አይመልሱት፤ ብዙ ጊዜ ዋጋ ያለው ከጀርባ ያለው ነው።

በቤተሰባችን «የሐኪም ወርቅነህ ዘር ነን» ይባላል፤ እንዴት እናረጋግጥ?

መጀመሪያ ዘርነቱ በየት በኩል እንደ ሆነ ይለዩ። ከሐኪም ወርቅነህ የሚወለድ ሰው አለ፤ ከአባታቸው ከነጋድራስ እሸቴ ወንድም ወይም እኅት የሚወለድ አለ፤ በወይዘሮ ቀጸላ በኩል የሚዛመድም አለ። ሦስቱም በአፍ ወሬ «የሐኪም ወርቅነህ ቤተሰብ» ይባላሉ፤ የሚፈለጉበት ቦታ ግን ለየቅል ነው። በአባት በኩል ያለው መንገድ ጎንደር ያደርሳል፤ እዚያ ከማኅደር ይልቅ የሚረዳው ሐረግ የሚቆጥር ሽማግሌ ነው። በወይዘሮ ቀጸላ በኩል ያለው ደግሞ «ቱሉ» በሚለው ስም መጠየቅን ይሻል፤ «ወርቅነህ» እያሉ ቢዞሩ አያገኙትም።

ቀጥሎ ከራስዎ ተነሥተው ወደ ላይ ይቁጠሩ፤ ከእሳቸው ተነሥቶ ወደ ታች መውረድ ሰውን ለምኞት ያጋልጣል። ለእያንዳንዱ ትውልድ ቢያንስ አንድ ወረቀት ወይም ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች ይኑሩ፤ የጋብቻ ውል፣ የርስት ክርክር ውሳኔ፣ የውርስ ማስረጃ፣ ፓስፖርት ሁሉ ይጠቅማል። የክርስትና ስም መጠየቅም አይዘንጋ፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል የተጻፈ ነገር ሰውን በዓለም ስሙ ላይጠራው ይችላል። አንድ ትውልድ ላይ ማስረጃ ሲጠፋ ክፍተቱን በግምት አይሙሉ፤ «እዚህ ላይ በቃል ብቻ» ብለው ይጻፉበትና ይለፉ።

አያቶችዎ በሕይወት ካሉ ግን ወደ ማኅደር ከመሄድዎ በፊት ወደ እነርሱ ይሂዱ። ድምፅ ይቅረጹ፤ «ማን ማንን ወለደ» ብቻ ሳይሆን «ይህን ማን ነገረህ? የት ተቀምጣችሁ ነበር? ሌላ ማን ሰማ?» ብለው ይጠይቁ። ቀረጻውን ለአንድ ሰው ብቻ አይተዉት፤ ቅጂውን ቢያንስ በሌላ ከተማ ለሚኖር ዘመድ ያስቀምጡ።